የአኔሞን መብራት ስንት ዋት ይሁን? ፍሎረሰንት ሲሰናበት የተፈጠረው መምታታት

እ.ኤ.አ. በ2023 ጥቅምት መጨረሻ ጄኔቫ ላይ የተሰበሰቡት፣ የሜርኩሪ አጠቃቀምን የሚገድበው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል አገሮች፣ ለአጠቃላይ መብራት የሚያገለግሉ ፍሎረሰንት አምፖሎችን ማምረት፣ ማስገባትና ወደ ውጭ መላክ ደረጃ በደረጃ እስከ 2027 እንዲቆም ተስማሙ። የአውሮፓ ኅብረት በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ቀድሞ ቲ5 እና ቲ8 የሚባሉት ረጃጅም ቱቦዎች አዲስ ወደ ገበያ እንዳይገቡ አድርጎ ነበር። ካሊፎርኒያም ከጥር 2025 ጀምሮ ሽያጫቸውን ከልክላለች። የሁሉም ምክንያት በቱቦው ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ነው። ለልዩ ጥቅም የተሠሩ አምፖሎች በየአገሩ የተለየ አያያዝ አላቸው። ይሁንና ዋናው ገበያ ሲጠብ ፋብሪካው መስመሩን ስለሚዘጋ፣ ውጤቱ ለእነርሱም መድረሱ አይቀርም።

ለውጡ ከነካቸው ሰዎች መካከል በቤታቸው የጨዋማ ውሃ አኳሪየም ያላቸው ይገኙበታል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ኮራልና አኔሞን የሚባሉትን የባሕር እንስሳት ለሚያኖር ሰው የታመነው መብራት ቲ5 ነበር፤ ጥልቅ ገንዳ ያለው ደግሞ ሜታል ሃላይድ የሚባለውን ኃይለኛ አምፖል ይሰቅል ነበር። አሁን ሁሉም ወደ ኤልኢዲ እየዞረ ነው። ችግሩ ዕቃው ቢለወጥም ምክሩ አለመለወጡ ነው። «በአንድ ጋሎን ውሃ ከ4 እስከ 5 ዋት» የሚለው የፍሎረሰንት ዘመን ስሌት ዛሬም ከአፍ አፍ እየተቀባበለ ለኤልኢዲ ይነገራል። ይህን ሰምቶ መብራት የገዛ ሰው አንድም አኔሞኑን በብርሃን ያቃጥላል፣ አንድም ከልክ በላይ ፈርቶ ያስርበዋል።

ዋቱ የሚነግረን የኤሌክትሪክ ሒሳባችንን ነው። የእንስሳውን ዕጣ የሚወስነው እርሱ በቆመበት ቦታ ላይ የሚያርፈው ጠቃሚ ብርሃን መጠን፣ ከዚያም በላይ ያ መጠን የተለወጠበት ፍጥነት ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ስለማይነገር ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ።

አኔሞን ብርሃን የሚፈልገው ለምንድን ነው?

አኔሞን ሲያዩት አበባ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። የኮራልና የጄሊፊሽ ዘመድ ሲሆን፣ በእግሩ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ በመዳሰሻ ጣቶቹ ትንንሽ ዓሣና ሽሪምፕ እየነደፈ ይይዛል። በዓለም ላይ ከ1,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። ክላውንፊሽ የተባለውን ባለ ነጭ ሰንበር ዓሣ የሚያስጠልሉት ግን 10 ያህሉ ብቻ ናቸው። ለቤት አኳሪየም በብዛት የሚፈለጉትም እነዚህ ናቸው። ከእነርሱ መካከል ቀዳሚው የጣቶቹ ጫፍ እንደ አረፋ የሚያብጠው፣ በገበያ ስሙ ባብል ቲፕ የሚባለው ዝርያ ነው።

ክላውንፊሽ የሚያስጠልሉት ዝርያዎች በሥጋቸው ውስጥ ዙዛንተሌ የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎችን ያኖራሉ። አልጌዎቹ በብርሃን አስተጻምሮ ስኳርና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ይሠራሉ፤ ከሠሩትም ብዙውን ለአስተናጋጃቸው ያቀብላሉ። አኔሞኑ በበኩሉ መጠለያ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከምግቡ የሚተርፈውን ናይትሮጅን ይሰጣቸዋል። ስለዚህ መብራቱ የእንስሳው ቀለብ ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቁራሽ ሽሪምፕ ማጉረስ ይጠቅመዋል፤ ለረጅም ጊዜ ግን የብርሃኑን ቦታ አይተካም።

ሁሉም አኔሞን እንዲህ አይኖርም። አልጌ የሌላቸው ዝርያዎች አሉ፤ በጭቃና በአሸዋ ውስጥ ቱቦ ሠርተው የሚኖሩት ሴሪያንተስ የተባሉት ዘመዶቻቸውም በአብዛኛው የሚኖሩት በሚይዙት ምግብ ብቻ ነው። ስለ ዕድሜያቸው ከተመዘገቡት ታሪኮች ታዋቂው አልጌ ከማያኖር ዝርያ የተገኘ ነው። በ1828 ከስኮትላንድ ጠረፍ ተወስዶ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ አንድ አኔሞን እስከ 1887 ኖሯል። ዝርያው የተለየ ቢሆንም አንድ ነገር ያስረዳል፦ እነዚህ እንስሳት በቶሎ አያረጁም። በቤት ውስጥ በስድስት ወር የሞተ አኔሞን ዕድሜው ደርሶ አይደለም፤ የጎደለበት ነገር አለ።

ለእኛ አካባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ባብል ቲፕ ከቀይ ባሕር ጀምሮ እስከ ምዕራብ ፓስፊክ ድረስ፣ ከውሃው ወለል አጠገብ እስከ 40 ሜትር ገደማ ጥልቀት ይገኛል። በምፅዋ፣ በጅዳ ወይም በኢላት ጠረፍ የጠለቀ ሰው ባለ ሁለት ሰንበሩን የቀይ ባሕር ክላውንፊሽ በዚሁ አኔሞን ጣቶች መካከል ሊያየው ይችላል። በ2023 ማዕከላዊውን ቀይ ባሕር የመታው የሙቀት ማዕበል አኔሞኖችን አንጥቶ፣ በተጠኑት ሪፎች፣ ማለትም ኮራል በሠራቸው የባሕር ሥር ቋጥኞች፣ ላይ አብዛኞቹን ከነዓሦቻቸው ጨርሷቸዋል። ባሕሩ ላይ ሙቀት ያደረሰውን ጉዳት ቤት ውስጥ መብራት ሊያደርሰው ይችላል፤ መንገዱ ተመሳሳይ ነው። ብርሃን ወይም ሙቀት ከአልጌው አቅም በላይ ሲሆን፣ ሥራ ላይ ያልዋለው ጉልበት ሕዋስን የሚጎዱ የኦክስጅን ውህዶችን ይፈጥራል። አኔሞኑ አልጌዎቹን ያስወጣል፤ ቡናማ ድባቡ ይጠፋና ይነጣል። ከዚያ በኋላ ሕይወቱ አለ፣ ቀለብ አቅራቢው ግን የለም።

ዋት፣ ሉክስ፣ ኬልቪን፣ ፓር

በመብራት ካርቶን ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ብዙ ናቸው፤ አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም የመምታታቱ ዋና ምንጭ ነው።

ዋት መብራቱ ከሶኬት የሚስበው የኤሌክትሪክ ጉልበት ነው። የጋሎኑ ስሌት፣ አንድ ጋሎን 3.8 ሊትር ያህል ነው፣ በፍሎረሰንት ዘመን በግምት ይሠራ የነበረው ሁሉም ሰው ተመሳሳይ ቱቦ በተመሳሳይ ከፍታ ስለሚሰቅል ነበር። አንድ ጥሩ ኤልኢዲ ግን በእኩል ዋት ከፍሎረሰንት እስከ እጥፍ የሚደርስ ብርሃን ሊያወጣ ይችላል፤ በዚያ ላይ ብርሃኑ ወደ ታች ብቻ ይወርዳል። ርካሽ ኤልኢዲ ደግሞ በካርቶኑ ላይ 165 ዋት ተብሎ ከሶኬት የሚስበው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዋት ሁለት መብራቶችን እንኳ በትክክል አያነጻጽርም።

ኬልቪን የብርሃኑን የቀለም ድባብ ይገልጻል። 6,500 የቀን ብርሃን የሚመስል ነጭ ነው፤ 14,000 ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ 20,000 ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ብዛትን አይናገርም።

ሉክስ ተንኮለኛው ነው፤ ምክንያቱም በእርግጥም የብርሃን ብዛት ይለካል፣ ነገር ግን በሰው ዓይን ሚዛን። ዓይናችን አረንጓዴን አብዝቶ፣ ሰማያዊን አሳንሶ ያያል። የአኳሪየም መብራት ደግሞ በአብዛኛው ሰማያዊ ነው። የፀሐይ ብርሃን ከሆነ 54 ሉክስ ያህሉ ለአንድ ማይክሮሞል ፎቶን፣ ማለትም ከታች ለሚብራራው የብርሃን ቅንጣቶች ልክ፣ ይቆጠራል፤ 450 ናኖሜትር ላይ ላለው ጥልቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ግን 7 ያህል ሉክስ ብቻ ይበቃል። ስልክ ላይ የተጫነ የመብራት መለኪያ 1,000 ሉክስ ሲያነብ በፀሐይ ሥር ከሆነ 18 ማይክሮሞል ያህል፣ በሰማያዊ መብራት ሥር ከሆነ ከ140 በላይ ማለት ሊሆን ይችላል። «ክፍሉ ደብዘዝ ስላለ መብራቱን ጨመርኩት» የሚል ሰው ሳያውቀው አኔሞኑን የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለአልጌው ጉዳይ ያለው ልኬት ፓር ይባላል። ፓር ለብርሃን አስተጻምሮ የሚያገለግለው፣ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ነው። የሚለካውም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአንድ ሰከንድ በሚያርፉ ፎቶኖች፣ ማለትም በብርሃን ቅንጣቶች ብዛት ነው፤ መለኪያው ማይክሮሞል ይባላል። በሐሩር ክልል በእኩለ ቀን ጥርት ያለ ሰማይ ሥር 2,000 ያህል ይደርሳል።

የፓር መለኪያ ውድ ነው። አፖጂ የተባለው ኩባንያ ለውሃ ውስጥ የሚሠራው መሣሪያ ከአንድ መካከለኛ መብራት የማይተናነስ ዋጋ አለው። ሆኖም መግዛት አያስፈልግም። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ የአኳሪየም ማኅበራትና ሱቆች ለጥቂት ቀናት ያከራዩታል ወይም ያውሱታል። ሲወሰድ አንድ ነገር ማረጋገጥ ይገባል፦ የቆዩት ሞዴሎች ሰማያዊውን አሳንሰው ያነባሉ፣ አዲሶቹ ይህን አስተካክለዋል። በአሮጌው 150 ያነበበ ሰው እውነተኛው ቁጥር ከዚያ ከፍ ያለ መሆኑን ማስላት አለበት።

ስንት ይበቃል?

ለባብል ቲፕ በልምድ የሚሰጠው ልክ ከ100 እስከ 250 ማይክሮሞል ነው። ማግኒፊካ የሚባለው ግርማ ያለው ዝርያና ካርፔት የሚባሉት ሰፋፊዎቹ ከ250 እስከ 400፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ሮክ ፍላወር የተባለው ትንሹ የካሪቢያን አኔሞን በ100 እና በ150 መካከል በደህና ይኖራል። እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት ከብዙ ጠባቂዎች የተጠራቀመ ልምድ ስለሆነ እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ መነሻ ቢያዙ ይሻላል።

በቁጥሩ ላይ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው «ባሕሩ ላይ ያለው ብርሃን ከየትኛውም የቤት መብራት ይበልጣል፤ ስለዚህ መጨመር አይጎዳም» ይላል። ይህ ወገን በብርሃን እጦት ጣቶቹ የቀጠኑ፣ ወደ ገንዳው አፋፍ የወጡ አኔሞኖችን ይጠቅሳል፤ ምሳሌዎቹም እውነተኛ ናቸው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ባብል ቲፕ በአብዛኛው በአኳሪየም ውስጥ ራሱን ለሁለት እየከፈለ የተባዛ መሆኑን ያስታውሳል። እንዲህ ያለው እንስሳ ለመካከለኛ ብርሃን የተላመደ ነው፤ 150 ይበቃዋል፣ ትርፉ መስተዋት ላይ የሚበቅል አልጌና ጭንቀት ነው ይላል።

የክርክሩ ጉድለት ሁለቱም ስለ አንድ «አኔሞን» የሚናገሩ መሆናቸው ነው። እስከ 40 ሜትር ወርዶ የሚገኘው ባብል ቲፕ በተፈጥሮው ሰፊ የብርሃን ክልል ይችላል። ማግኒፊካ ግን በጥልቀት ከ20 ሜትር ብዙም የማያልፍ፣ ጎልቶ በወጣ ድንጋይ አናት ላይ ፀሐይንና ማዕበልን ፊት ለፊት የሚቀበል ዝርያ ነው። ለመጀመሪያው ሁለተኛው ወገን፣ ለኋለኛው የመጀመሪያው ወገን ትክክል ነው። ባብል ቲፕን በ150 እና በ200 መካከል ማቆየት በእኔ ግምት ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻል ነው፤ ከዚያ መጨመር ይቻላል፣ የነጣን መመለስ ግን ወራት ይፈጃል።

የሰዓቱ ርዝመትም ከቁጥሩ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። አልጌው የሚሠራው በቀኑ ድምር ነው። 150 ማይክሮሞል ለ10 ሰዓት ሲበራ በካሬ ሜትር 5.4 ሞል ፎቶን ይሰጣል (አንድ ሞል አንድ ሚሊዮን ማይክሮሞል ነው)። ተመሳሳዩን ድምር በ8 ሰዓት ለማግኘት 188 ያህል ያስፈልጋል። ማታ ዘግይቶ ከሥራ የሚገባና አኳሪየሙን ማየት የሚፈልግ ሰው መብራቱን በጠዋት ከሚያበራ ወደ ቀትር ማዛወሩ እንስሳውን አይጎዳም። 14 ሰዓት ማስበራት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አልጌውም ጨለማ ይፈልጋል።

ሰማያዊው፣ ነጩና ቀዩ

ባሕር ውስጥ ቀይ ብርሃን በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይዋጣል፤ ሰማያዊው ግን ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ዙዛንተሌዎችም ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። ክሎሮፊል ኤ እና ሲ2 ሰማያዊውን፣ ፔሪዲኒን የተባለው ቀለም ደግሞ ከሰማያዊ እስከ አረንጓዴ ያለውን ይይዛሉ። ስለዚህ አብዛኛው ጉልበት ከ420 እስከ 480 ናኖሜትር ባለው ክልል የሆነ፣ ነጭ የታከለበት መብራት የአልጌውን ፍላጎት ይሸፍናል። ቀይ ብርሃን በራሱ መርዝ አይደለም፤ ሲበዛ ግን በኮራል ላይ ጉዳት የታየባቸው ሙከራዎች ስላሉ፣ ለአትክልት ተብለው የሚሸጡ ቀይ የሚበዛባቸው ኤልኢዲዎች ለዚህ ሥራ አይመከሩም።

ከዚያ ያለፈው የቀለም ክርክር በአብዛኛው የሰው ዓይን ጉዳይ ነው። አኔሞን በሥጋው ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ወስደው አረንጓዴ ወይም ቀይ አድርገው የሚመልሱ ፕሮቲኖች አሉት። ሱቅ ውስጥ መብራቱ ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ሲደረግ፣ ፎቶውም በብርቱካንማ ማጣሪያ ሲነሣ፣ ተራ ቡናማ አኔሞን እንደ ቀስተ ደመና ያበራል። ዋጋውም በዚያው ልክ ይሰቀላል። ገዢው ነጭ መብራት ለአንድ ደቂቃ እንዲበራለት መጠየቅ መብቱ ነው፤ የነጣ እንስሳም የሚታወቀው በነጭ ብርሃን ብቻ ነው።

ቁጥሩ የት ላይ?

«መብራቱ 300 ፓር ይሰጣል» የሚል ማስታወቂያ ከየት ርቀት፣ በየትኛው ነጥብ እንደሆነ ካልተናገረ ትርጉም የለውም። ከቱቦ የሚወጣ ብርሃን በገንዳው ርዝመት ሁሉ ይዘረጋል። ኤልኢዲ ግን ከትንሽ ነጥብ ይነሣል፤ በላዩ ያለው ሌንስ ደግሞ እንደ ተጨመቀ የውሃ ጎማ አፍ ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ታች ይልከዋል። በመሐል 400 የሆነው ከ25 ሳንቲሜትር በኋላ 80 ሊሆን ይችላል። የማይንቀሳቀስ ኮራል ከሆነ ቦታ ተመርጦለት ይቀመጣል። አኔሞን ግን ይራመዳል። ከጥላው አንድ ዝርግ ድንጋይ ተሻግሮ ድንገት በአራት እጥፍ ብርሃን ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ለዚህ ነው አንዳንድ ልምድ ያላቸው ሰዎች ቲ5 ቱቦዎችን ከኤልኢዲ ጋር አጣምረው የሚሰቅሉት። የቱቦው ብርሃን ጥላና ጽልመቱን ይሞላል። ቱቦው ከገበያ እየጠፋ ሲሄድ የሚቀረው መፍትሔ መብራቱን ከፍ አድርጎ መስቀል፣ ከአንድ ኃይለኛ ይልቅ ሁለት መካከለኛ መብራት መጠቀም ወይም ብርሃን የሚበትን ሽፋን ማድረግ ነው። ሦስቱም ገንዘብ ወይም ብርሃን ያስከፍላሉ፤ የሚገኘው እኩል ስርጭት ግን ያዋጣል።

ርካሹ ወይስ ውዱ የሚለው ጥያቄም መልስ የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ጥቁር ሣጥን የሚባሉት ርካሽ የቻይና ኤልኢዲዎች አኔሞንን ማሳደግ ይችላሉ፤ የፎቶን እጥረት የለባቸውም። የጎደላቸው ስርጭትና ቁጥጥር ነው። በስልክ የሚታዘዙት ውዶቹ የሚያስከፍሉት ለስርጭቱ፣ ብርሃኑን ቀስ አድርጎ ማብራትና ማጥፋት በመቻሉ፣ ለጸጥተኛ ማቀዝቀዣውና ለመለዋወጫው ነው። ርካሹን ገዝቶ ልዩነቱን ለመለኪያ ኪራይ የሚያውል ሰው፣ ውዱን ገዝቶ ሳይለካ ከሚሰቅል ሰው የተሻለ ቦታ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በቲ5 ሶኬት ውስጥ የሚሰኩ የኤልኢዲ ቱቦዎች ይሸጣሉ። ከአሮጌው ባላስት፣ ማለትም ለቱቦው ኤሌክትሪኩን ከሚመጥነው መሣሪያ፣ ጋር የማይስማሙ አሉ፤ ባላስቱን አልፎ የኤሌክትሪክ መስመር መለወጥ የሚጠይቁም አሉ። ጨዋማ ውሃ ከሥሩ ባለበት ቦታ ይህ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚተው ሥራ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖር ሰው ግን ኤልኢዲ አንድ ግልጽ ጥቅም አለው። ሜታል ሃላይድ ውሃውን ስለሚያሞቅ ብዙ ጊዜ ማቀዝቀዣ ማሽን ያስገዛል፤ ኤልኢዲ ይህን ጫና በብዙ ይቀንሳል።

ሽግግሩ

የአምፖል ለውጥ ያደረሰው ጉዳት ሲመረመር፣ አዲሱ መብራት ደካማ ሆኖ የተገኘበት ሁኔታ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፦ ቲ5 ቱቦዎች በ9 እና በ12 ወር መካከል መለወጥ አለባቸው፣ ብርሃናቸው ቀስ በቀስ ስለሚወርድ። ባለቤቱ ቱቦ አጥቶ ወይም ቸል ብሎ ሁለት ዓመት ያቆያቸዋል። አኔሞኑ በ90 ማይክሮሞል መኖር ይለምዳል፤ በሥጋው ያለውን አልጌና ቀለም ለዚያ ያስተካክላል። ከዚያ አንድ ቅዳሜ አዲስ ኤልኢዲ ይሰቀላል፣ 300 ይደርሳል። አልጌዎቹ ለደብዛዛ ብርሃን በተዘጋጀ መሣሪያ ሦስት እጥፍ ፎቶን ይቀበላሉ። በሳምንት ውስጥ ይነጣል። ባለቤቱ «ኤልኢዲ ለአኔሞን አይሆንም» ብሎ ይደመድማል፤ ወሬውም ይዛመታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ 300 በራሱ ጥፋተኛ አልነበረም። በአራት ወይም በስድስት ሳምንት ተደርሶበት ቢሆን ባብል ቲፑም ላይጎዳ ይችል ነበር።

ስለዚህ መብራት የሚቀይር ሰው አስቀድሞ አሮጌውን ይለካ፤ አኔሞኑ ባለበት ነጥብ፣ ፓምፑ እየሠራ። ከዚያ አዲሱን በዚያው ቁጥር ይጀምር። የኤልኢዲ መቆጣጠሪያ ላይ ያለው መቶኛ ግን እንዳያታልለው፤ 50 በመቶ ማለት የግድ ግማሽ ፓር ማለት አይደለም። መለኪያ ከሌለ ከ30 እስከ 40 በመቶ ጀምሮ በየሳምንቱ በ5 በመቶ መጨመር ከስሕተት ይጠብቃል። ብዙ መብራቶች ይህን በራሳቸው የሚያደርጉበት የማላመጃ ፕሮግራም አላቸው፤ ሰው አይከፍተውም እንጂ።

ብርሃኑ ድንገት የሚለወጠው አምፖል ሲቀየር ብቻ አይደለም። ጨው የጋገረበትን የመስተዋት ክዳን ማጠብ፣ የመብራቱን ሌንስ መወልወል፣ በተለይም ለወራት ሳይለወጥ የቆየ የማጣሪያ ካርቦን መቀየር ብርሃኑን በአንድ ቀን ከፍ ያደርገዋል። ካርቦን ከውሃው ቢጫነትን ይወስዳል፤ ያ ቢጫነት ደግሞ ሰማያዊውን ብርሃን ውጦ ይይዝ የነበረ ነው። ውሃው ጠራ ብሎ የተደሰተ ሰው በማግስቱ የተሸበሸበ አኔሞን ሲያይ ምክንያቱን አምፖሉ ላይ ይፈልጋል፤ አያገኘውም።

የነጣ አኔሞን ሲሆን ደግሞ ብዙ ሰው የሚያደርገው የተገላቢጦሹን ነው። «ብርሃን አጥቶ ነው የነጣው» በማለት መብራቱን ሙሉ በሙሉ ይከፍታል። ነጭ አኔሞን ግን ብርሃኑን የሚጠቀምበት አልጌ የለውም፤ ከለላውም ሄዷል። የሚሻለው ዝቅተኛ ብርሃን፣ 80 ወይም 100፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ በጣም ትንሽ ቁራሽ ምግብ፣ የተረጋጋ ጨውና ሙቀት፣ ከዚያም ቡናማው ሲመለስ ቀስ ብሎ መጨመር ነው። በሱቅ ውስጥ ሲባይ በሚል ስም ሐምራዊ ጫፍ ያለው ነጭ አኔሞን እንደ ውብ ዝርያ ይሸጣል። ጤነኛው ቡናማ ነው፤ ነጩ በጉዞ ላይ አልጌውን ያጣ እንስሳ ነው። ደማቅ ቢጫ ወይም ሮዝ ሆኖ ከታየ ደግሞ በቀለም የተነከረ ሊሆን ስለሚችል አለመግዛት ይሻላል።

እንስሳው የሚሰጠው ምልክት

አኔሞን ወደ ላይ ሲወጣና ጣቶቹን ሲያስረዝም ብርሃን ያነሰው፣ ድንጋይ ሥር ሲደበቅና ሲኮማተር ብርሃን የበዛበት ይባላል። በአብዛኛው እውነት ነው፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። የውሃው ፍሰት ሲበረታበትም ይሸሻል። አዲስ የገባ ደግሞ ለእግሩ የሚሆን ጨለማ ስንጥቅ እስኪያገኝ ለቀናት ይዞራል፤ ባብል ቲፕ እግሩን በጥላ፣ ጣቶቹን በብርሃን ማድረግ ይወዳል። ከምግብ በኋላም ቆሻሻውን ለማስወጣት ለሰዓታት ይሟሽሻል። ሰው በየምልክቱ መብራቱን ከፍና ዝቅ ሲያደርግ እንስሳው የሚላመደው ቋሚ ነገር ያጣል። አንድ ለውጥ ከተደረገ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መጠበቅ፣ በዚያ ጊዜ የውሃ ማንቀሳቀሻ ፓምፖቹን በወንፊት መሸፈን ይገባል፤ የሚዞር አኔሞን ፓምፕ ውስጥ ገብቶ ሲከተፍ ገንዳውን ሁሉ ይመርዛል።

«አረፋ የሌለው ባብል ቲፕ መብራት አንሶት ነው» የሚለው ታዋቂ አባባል ግን አልተረጋገጠም። አረፋው የሚመጣው ከብርሃን ነው፣ ከፍሰት ነው፣ ከምግብ ነው፣ ከክላውንፊሽ መኖር ነው የሚሉ ሁሉ አሉ፤ ተመራማሪዎችም አልተስማሙበትም። በአንድ ገንዳ፣ በአንድ መብራት ሥር፣ ከአንድ እናት የተከፈሉ ሁለት አኔሞኖች አንዱ አረፋ አውጥቶ ሌላው ጣቱን አርዝሞ ሊታይ ይችላል። ጤንነቱን በቀለሙ ጥልቀት፣ በእግሩ መጣበቅና በአፉ መዘጋት መመዘን ይሻላል። አፉ ተከፍቶ ውስጡ የወጣ አኔሞን ከመብራት ያለፈ ችግር አለበት።

ከመግዛት በፊት

መብራቱ ልክ ሆኖ አኔሞኑ የሚሞትባቸው ገንዳዎችም ብዙ ናቸው። ከተጀመረ ሁለት ወር ያልሞላው አኳሪየም ጨውና ንጥረ ነገሩ ገና ስለሚዋዥቅ፣ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቢመረጥ ደግሞ ዓመት መጠበቅ የተለመደው ምክር ነው። ክላውንፊሽ ደግሞ በቤት ውስጥ ያለ አኔሞን ደህና ይኖራል። ስለዚህ «ለዓሣው ቤት» ተብሎ በችኮላ የሚገዛበት ምክንያት የለም።

ከባሕር የተለቀሙና በአኳሪየም የተባዙ ተብሎ መለየቱም ለመብራት ውሳኔ በቀጥታ ይጠቅማል። ከባሕር የመጣ ማግኒፊካ ወይም ካርፔት ሳምንታት የፈጀ ጉዞ፣ ጨለማና ረሃብ አልፎ ይደርሳል፤ የሚጠይቀውን 300 እና 400 ማይክሮሞል ወዲያው ቢሰጡት ሊነጣ፣ ባይሰጡት ሊራብ ይችላል። ይህን ጠባብ መንገድ ያለ መለኪያ ማለፍ ለባለሙያም ከባድ ነው። ሪፎቹ በሙቀት እየተመቱ ባሉበት ጊዜ ደግሞ እንዲህ ያለውን እንስሳ ከባሕር ወስዶ በሙከራ መግደል ለእኔ የሚደገፍ አይደለም። በቤት ውስጥ ተከፍሎ የተራባ ባብል ቲፕ ከሰፈር ጠባቂ ወይም ከማኅበር አባል በርካሽ ይገኛል፤ ጉዞው አጭር ነው፣ ታሪኩም ይታወቃል።

ታሪኩ ሲባል ዋጋውን ወይም የቀለም ስሙን ማለት አይደለም። ለሻጩ የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ በየትኛው መብራት፣ ከስንት ሳንቲሜትር በታች፣ በቀን ለስንት ሰዓት፣ በስንት ፓር ኖረ? የመጨረሻውን የማያውቅ ሻጭ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ከነገረን ቁጥሩን ተቀራራቢ አድርጎ ማስላት ይቻላል፤ የቤቱ መብራትም በመጀመሪያው ቀን በዚያ ቁጥር ላይ ይስተካከላል።